የልብስ ሰፊው አፈ ጉባኤ

ሱሪ የሚያጠብ፣ እጅጌ የሚያሳጥር ሰው በየመንገዱ ሞልቷል። ልብስ ሰፊ ግን አንድ ነው። እሱም ከጫማ መሸጫው አጠገብ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ላይ በሚቆምባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ይኼ የለበስኩት ኮት የእሱ እጅ ነው። ስንት ዘመን ለበስኩት፣ ስንት ሠርግና ስንት ለቅሶ ዞርኩበት፣ አንድ ክር ንቅንቅ አላለም። ከውጭ የመጣ ነው ብለው ድርቅ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ውስጡን ገልብጬ ሳሳያቸው አፍረው ሄደዋል። ለነገሩ የማወራው ስለ ኮቴ አይደለም፣ ስለ ልብስ ሰፊው ሴት ልጅ ነው።

ሰውየው እጁ የተባረከውን ያህል ምላሱ አልታዘዝ ብሎት የኖረ ነው። ይንተባተባል። የሚናገረው ጠፍቶት እኮ አይደለም፤ ቃሉ እዚህ ጉሮሮው ድረስ ይመጣና በር እንደተዘጋበት እንግዳ ቆሞ ይቀራል። ያን ጊዜ አገጩ ይያዛል፣ ዓይኑ የስፌት መኪናው ላይ ይተከላል፣ ቀኝ እግሩ ደግሞ ሳይታወቀው ፔዳሉን መርገጥ ይጀምራል። መኪናው ጨርቅ ሳይገባበት ባዶውን ይሮጣል። ጎረቤቱ ሁሉ ያንን ድምፅ ለይቶ ያውቀዋል። መኪናው ባዶውን ከሮጠ ልብስ ሰፊው አንድ ቃል ተይዞበታል ማለት ነው።

ልጅቱ ያደገችው ከዚያ መኪና ሥር ነው። እናቷ ገበያ ውስጥ አትክልት ትሸጥ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጣት ትሄዳለች። ልጅቱ አፏን የፈታችው እዚያው ነው፤ አፏን ስትፈታ ደግሞ የአባቷንም አብራ ፈታች። ደንበኛ ይገባና «ለመቼ ይደርስልኛል?» ይላል። አባትየው «እ... እ...» ሲል መኪናው ይሮጣል። ወዲያው ከጠረጴዛው ሥር «ለቅዳሜ ይደርሳል!» የሚል ቀጭን ድምፅ ይወጣል። ሰው ሁሉ ልብሱን የሚፈልገው ለቅዳሜ መሆኑን በዚያ ዕድሜዋ ለይታ አውቃለች። ደንበኛው ይስቃል፣ አባትየው ራሱን ይነቀንቃል፣ ነገሩ አለቀ። ሥጋ ሻጩ፣ ያ ሆዱ በየጊዜው እየጨመረ ሱሪ የሚያስቀይረው ሰውዬ፣ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ አያትና «አፈ ጉባኤያችን እዚህ ነዋ የተቀመጠችው» አለ። ከዚያ ወዲህ በስሟ የጠራት ሰው የለም።

አደገች፤ ሥራዋም አብሯት አደገ። ኪሱ ከጎን ይሁን ከኋላ፣ ስንት ክንድ ጨርቅ ይበቃል፣ ሁሉንም እሷ ናት የምትናገረው። አባቷ የመጀመሪያዋን ፊደል ሲጀምር የቀረውን ከአፉ ትነጥቀዋለች። ሰው ያደንቃታል፣ እሷም ኩራቷ ጣራ ይነካል። አርብ አርብ ታዲያ የልብስ ሰፊው መብራት ከሰፈሩ ሁሉ ዘግይቶ ነው የሚጠፋው። ሠራተኛ ሰው ነው ይባል ነበር። እውነትም ነው።

ዩኒቨርሲቲ የገባች ዕለት ሰፈሩ የየራሱ ልጅ የገባ ነው የመሰለው። ከዚህ መንገድ ላይ ዩኒቨርሲቲ የገባ የለም ልል አይደለም፣ አለ፤ ግን እንደ እሷ አፉን ሞልቶ የገባ የለም። የምትማረው የንግግርና የመስማት ሕክምና መሆኑ ሲሰማ ሥጋ ሻጩ ሳቀ። ለመናገርም ሐኪም ያስፈልጋል እንዴ ብሎ ጠየቀ። እናትየው ከአትክልቷ ቀና ብላ፣ «ላንተስ የሚያስፈልግህ ዝም የሚያሰኝ ሐኪም ነው» አለችው። ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ሥጋውን ሲመዝን ይቺን ቃል ለደንበኛ ሁሉ ሲያወራ ከረመ፤ እንዲያ ያለ ሰው ነው።

ልጅቱ ለምን ያንን እንደመረጠች ለማንም አልተናገረችም። መናገርም አላስፈለጋት። እሷ እንዲያውም ግማሹን ትምህርት ከቤት ጨርሼ ነው የምሄደው ብላ ነበር የምታስበው።

መጀመሪያ ላይ እንደ ጉድ ሄደላት። እሑድ እሑድ ስትመጣ ያየችውን ታመጣለች። ጆሮ ውስጥ ምስር የማያክሉ አጥንቶች እንዳሉ፣ ድምፅ የሚወጣው ጉሮሮ ውስጥ ካሉ ሁለት ቀጫጭን ሥጋዎች እንደሆነ ስትነግራቸው እናትየው ማንኪያዋን ትታ አንገቷን ይዛ «አአአ» ትላለች። ግድግዳው በሙሉ ስፖንጅ የለበሰ ክፍል አለ ብላም ነገረቻቸው። ሰው እዚያ ገብቶ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ይደረግለትና «ጢን» የምትል ድምፅ በሰማ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል። ሕፃን ከሆነ በቁልፉ ፋንታ ድምፅ በሰማ ቁጥር አንድ እንጨት ባልዲ ውስጥ ይጥላል። አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ ምንም ሳይሰሙ ቁልፉን ሲጫኑ ተገኙ፤ ለምን ቢባሉ፣ ልጅቱ ያን ያህል ስትደክም ዝም ብዬ ማየት ነውር መስሎኝ ነው አሉ። እዚያ ክፍል እኔም ገብቻለሁ። የጎረምሳ ጆሮ ነው ያለዎት ብለውኛል። እንግዲህ ይህን የሚጠራጠር ካለ ሄዶ ይጠይቅ።

የሕክምናው ልምምድ ሲደርስ ነጭ ጋዋን አስፈለጋት። አባቷ ማንም እንዲገዛላት አልፈቀደም። ጨርቁን ራሱ መረጠ፣ ሦስቴ ለካት፣ ትከሻው ላይ እንዲህ የተቀመጠ ጋዋን ሰፋላት፤ ወንበር ላይ ስትቀመጥ አይጨማደድ፣ እጇን ስታነሳ ጎኑ አይጎተት። ጓደኞቿ አዩትና አበዱ። በኋላ የክፍሉ ተማሪ በሙሉ እዚያች ጠባብ ክፍል ደጅ ላይ ተሰልፎ ተለካ። ለሁሉም ቅዳሜ ይደርሳል ያለችው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

አስተማሪያቸው ዶክተር ናት፤ ረጅም፣ ኮቴዋ የማይሰማ ሴት። ተማሪዎቹ «ጥላ» ይሏታል፣ መምጣቷ ሳይታወቅ ከኋላ ቆማ ስለምትገኝ። ልምምዱ ደግሞ መስተዋት ባለበት ክፍል ውስጥ ነው። ከውስጥ ለተቀመጠ ሰው መስተዋት ነው፣ ፊቱን ያይበታል፤ ከጀርባው ለቆመ ሰው ግን መስኮት ነው። ጥላ ከዚያ ጀርባ ተቀምጣ ሁሉን ታያለች፣ ትሰማለች፣ ይቀዳል።

ለአፈ ጉባኤ መጀመሪያ የተሰጠቻት ቃል የዘገየባት ትንሽ ልጅ ነበረች። የድመት ሥዕል አሳየቻትና ይህ ምንድን ነው አለቻት። ሕፃኗ «ድ...» ከማለቷ አፈ ጉባኤ «ድመት! ጎበዝ!» ብላ አጨበጨበች። የቤት ሥዕል አመጣች፤ «ቤት! ጎበዝ!» አለች። እንዲህ እየተባለ ሥዕሉ አለቀ፤ አፈ ጉባኤም ላቧን ጠርጋ በልቧ ምን የመሰለ ሥራ ሠራሁ አለች።

ጥላ ጠራቻትና የተቀዳውን ከፈተችላት። አብረው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ዶክተሯ ድምፅዋን ሳታነሳ ጠየቀቻት።

«ሕመምተኛዋ ማን ናት?»

«ሕፃኗ ናት፣ ዶክተር።»

«እኔ አልሰማኋትም። አንቺን ብቻ ነው የሰማሁት።»

አፈ ጉባኤ ልምምዱን ወደቀች። አንድ ዕድል ብቻ ይሰጥሻል ተባለች። ያንንም ከወደቀች ሕመምተኛ ፊት መቀመጥ የለም፣ ጋዋኑን አውልቃ ሌላ ትምህርት ትፈልጋለች። ጥላ ግን እንዲሁ አልሸኘቻትም። የሕመምተኛው ተራ ሲሆን ከብርጭቆ ውሃ ጎንጭተሽ አፍሽ ውስጥ ያዢው፣ እሱ ሳይጨርስ እንዳትውጪው አለቻት። ጥላም ራሷ ተማሪ እያለች በዚህ መንገድ ነው አሉ የተቀጣችው።

ቤት መጥታ ስትናገር እናትየው ብታዝንም ምላሷን አልያዘችም። «ይኼን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ የሰደድንሽ ዝም ማለት እንድትማሪ ነው? እሱንማ እኔ በነፃ አስተምርሽ ነበር» አለች። አባቷ መርፌውን አስቀመጠ። አፉን ከፈተ፣ አገጩ ተያዘ፣ መኪናው ባዶውን ሮጠ።

«አውቃለሁ አባዬ» አለች ልጅቱ እንባዋን እየጠረገች፣ «አይዞሽ ልትለኝ ነው።»

አባቷ ትንሽ አያትና አፉን ዘጋ። መርፌውን አንስቶ ክር መክተት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ያቺ ልጅ ሰውን ሁሉ በውሃ ፈጀችው። አውቶቡስ ላይ ሰው ሲያወራት ጠርሙሷን ትጎነጫለች። እናቷ ጋ ሆና ብትሞክር ጥቅም አላገኘችም፤ እናቷ መሀል ላይ ዝም የምትል ሰው አይደለችም፣ ውሃው አፏ ውስጥ ይሞቃል። ጉንጯ ተነፍቶ ያየቻት ጎረቤት ጥርሷን ስላመማት መስሏት መድኃኒት አመጣችላት። ቀስ በቀስ ግን ለመደችው። ጓደኞቿ ሲያወሩ መጠበቅ ቻለች፣ ሌላ ሰው ሲንተባተብ እንኳ መጠበቅ ቻለች። ያቃታት አባቷ ጋ ብቻ ነው። ሱቅ ቁጭ ብላ፣ አፏን በውሃ ሞልታ፣ ያቺ ባዶ መኪና ስትሮጥ ከሰማች ውሃው ወደ ሆድ፣ ቃሉ ወደ ውጭ። የሕፃንነት ነገር አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ በፉጨት ነበር ከብት የምመልሰው፣ ዛሬም ሰው ሲያፏጭ ሳላስበው ዞር እላለሁ።

የመጨረሻው ፈተና ደረሰ። የተሰጧት የድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ትልቅ ሰው፣ ትከሻቸው በር የሚሞላ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ስር ተዘግቶባቸው ቀኝ እጃቸውና ንግግራቸው ሄዷል። የሚባሉትን ሁሉ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል፤ ቃል ፍለጋ ሲገቡ ግን ጨለማ ቤት ውስጥ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ይዳብሳሉ። ከ«እ» እና ከ«እሺ» ሌላ ከወጣቸው ቆይቷል። ሚስታቸው አብራ ትመጣለች። ደግ ሴት ናት፣ ደግነቷ ግን እንደ አፈ ጉባኤ ነው።

አፈ ጉባኤ ጋዋኗን አስተካክላ፣ ብርጭቆዋን ቀድታ ተቀመጠች። መስተዋቱን ላለማየት ብትሞክርም ዓይኗ ሄደ፤ የራሷን የደነገጠ ፊት አየች። ከጀርባው ጥላና ሌሎች ሁለት ፈታኞች አሉ።

«አባባ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ቀመሱ? እንዴት ነበር?» አለቻቸው።

«ሾርባ ነው የሰጠሁት» አለች ሚስትየው። «በጣም ነው የሚወደው። ጥርግ አድርጎ ነው የጠጣው። ትናንትም እሱኑ፣ ከትናንት ወዲያም እሱኑ። ሌላ አትስጪኝ ነው የሚለኝ።»

ሾፌሩ ዓይናቸውን ወደ ጣራ ሰቀሉ። አፈ ጉባኤ ያንን ዓይን አየችው። ሴትየዋንም አየቻት፤ ከደንበኛ ፊት ቀድማ «ቅዳሜ ይደርሳል» የምትል አንዲት ልጅ ትዝ አለቻት። ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ከዚያ ያልታሰበ ነገር አደረገች። ተነስታ ሌላ ብርጭቆ ቀዳችና ለሴትየዋ ሰጠቻት።

«እማማ፣ ይኼ የሕክምናው አካል ነው» አለች። «እኔም እይዛለሁ፣ እርስዎም ይያዙ። አባባ ጨረስኩ እስኪሉ መዋጥ የለም።»

ሴትየዋ ተገርማ ጎነጨች። አፈ ጉባኤ ጥያቄውን ደገመችና እሷም ጎነጨች። ሁለት ሴቶች ጉንጫቸውን ነፍተው አንድ ሰው ፊት ተቀመጡ። ሾፌሩ አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ ካዩ ስንት ዘመናቸው።

ሳቁ አለቀና ፍለጋው ጀመረ። ከንፈራቸው ሞጠሞጠ። ተመለሰ። እንደገና ሞጠሞጠ። አፈ ጉባኤ ቃሉን ታውቀዋለች፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። ጠረጴዛው ሥር ቀኝ እግሯ ወለሉን ሲረግጥ ተሰማት፣ ፔዳል እንዳለው ሁሉ። በእጇ ጉልበቷን ይዛ አቆመችው። ሚስትየው ባሏን ላለማየት መሬት መሬት ታያለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ሾ...» አሉ ሾፌሩ። «ሾር... ሾርባ።»

እዚህ ጋ ነበር ጎበዝ ብላ የምታጨበጭበው። እጇ ሊነሳ ሁሉ ነበር። ግን የሰውየው አፍ አልተዘጋም። ዓይናቸው ገና እየፈለገ ነው። ውሃውን እንደያዘች ቆየች።

«ሾርባው» አሉ ሰውየው በግራ እጃቸው ጠረጴዛውን ጨብጠው፣ «ጨው... ጨው የለውም።»

የሚስትየው ውሃ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። «ሐኪሙ እኮ ነው ጨው ቀንሺለት ያለኝ!» አለች፣ እየሳቀች እያለቀሰች። «ይኼን ሁሉ ቀን ጥርግ የምታደርገው ታዲያ?»

ሰውየው ትከሻቸውን ነቀነቁ። የተሰጣቸውን ከመጠጣት ሌላ ምን ያደርጉ ኖሯል? ሴትየዋ ግራ እጃቸውን ይዛ ሳመችው። አፈ ጉባኤ ውሃዋን ዋጠችና ቀስ ብላ፣ «ሌላስ አባባ?» አለች። ሌላም ነበራቸው። ትራሱም ከፍ ያለ ኖሯል።

ሲጨርሱ ጥላ እንደ ልማዷ ኮቴዋ ሳይሰማ ከኋላ ቆማ ተገኘች። ጋዋኗ ሚስትየው በተፋችው ውሃ እርሷል፤ በበሩ በኩል ቀድማ ገብታ ኖሯል። ተማሪዋን አየቻት።

«ዛሬ ሕመምተኛውን ሰማሁት» አለች። «ጋዋኑ ያንቺ ነው።»

ይህን ሰፈሩ የሰማው ልጅቱ በስልክ ከነገረቻት ከእናትየው ነው፤ ከገበያ እስከ ቤት እየነገረች መጣች። ልጄ ቃል የጠፋበትን ሰው አናገረች እያለች፣ ቲማቲም ለጠየቃት ሁሉ አንድ ተጨማሪ እየጨመረች። አፈ ጉባኤ ግን ቀጥታ ወደ አባቷ ሱቅ ነው የሄደችው። ልትነግረው ገብታ ገና አፏን ስትከፍት ሥጋ ሻጩ ከኋላዋ ደረሰ። ሱሪ ይዟል፤ እንደገና ጠቦታል። እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረገና ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ለቅዳሜ ይደርሳል አይደል?» አለ ለልብስ ሰፊው።

አባትየው «እ...» አለ። አገጩ ተያዘ። መኪናው ባዶውን መሮጥ ጀመረ።

ሥጋ ሻጩ እንደ ሁልጊዜው ወደ አፈ ጉባኤ ዞረ። አፈ ጉባኤ ዝም አለች። ውሃ አልያዘችም፤ እንዲሁ ዝም አለች። መኪናው ሮጠ። ሥጋ ሻጩ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየ፣ ራሱ ሊናገር ሲል በጣቷ ከንፈሯን ነካ አድርጋ አስቆመችው። መኪናው ሮጠ። አባትየው ቀና ብሎ ልጁን አያት፤ እየጠበቀችው ነው። አለመቸኮሏን ሲያይ እግሩ በረደ። መኪናው ቆመ።

«እስከ... እስከ ማክሰኞ ታገሠኝ» አለ ልብስ ሰፊው።

ሥጋ ሻጩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ይህን ያህል ዘመን ልብስ አሰፍቶ የሰውየውን ድምፅ እስከ ዳር ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። እሺ ከማለት ሌላ ምን ይበል? እሺ ብሎ ወጣ።

ልጅቱ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። እነዚያ ሁሉ አርቦች ፊቷ ላይ ተደረደሩ፤ ከሰፈሩ ሁሉ ዘግይቶ የሚጠፋው መብራት፣ የጓደኞቿ ጋዋን፣ ከጠረጴዛ ሥር የጮኸችው «ቅዳሜ» ሁሉ። ስንት ጊዜ የራሷን ቃል አፉ ውስጥ ከትታበት ይሆን?

«አባዬ» አለች፣ «ድሮስ?»

አባትየው ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ሳቁ ዓይኑ ላይ ደረሰ። ቃሉ ተያዘበት፣ ጠበቀችው፣ መጣለት።

«ድሮም ማክሰኞ ነበር።»

ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ በሩ ላይ ስሟ የተጻፈበት ክፍል አላት። ከሩቅ የሚመጣ ሕመምተኛ ከሌላ ሐኪም ጋ አልገባም ብሎ እሷን ይጠብቃል፤ እሷም እሱን ትጠብቃለች። ጋዋኑ ያው የአባቷ እጅ ነው፣ እንደ እኔ ኮት አንድ ክር ንቅንቅ አላለም። ሰፈሩም ትምህርቱን ወስዷል። ባዶዋ መኪና ስትሮጥ ደጅ ያለው ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ይቆማል፣ ሥጋ ሻጩ ሳይቀር። ሱሪውም ማክሰኞ ደረሰለት።